ሰባተኛው ጥቅል

የድምፅ ማኅደሩ ኃላፊ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቂም ይዛ ኖራለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ እሷ ግን ጸሎቷንም አላስታጎለች፣ ቂሟንም አልጣለች። በየጠዋቱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት ትወርዳለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ መደርደሪያዎቹን ትዞራለች፣ ከዚያ ያንን ሰውዬ በልቧ ጠርታ ትረግመዋለች። ሥራ የምትጀምረው ይህን ጨርሳ ነው።

ሠራተኛው «እትዬ ክር» ይላታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ የድምፅ ክር ጥቅሎች በየካርቶናቸው ተደርድረዋል፤ የጀልባ ቀዛፊዎች ዘፈን፣ የአልቃሾች ግጥም፣ የእናቶች እሹሩሩ፣ ዛሬ ተናጋሪ የሌላቸው ቋንቋዎች ተረት፣ ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ዘመን የሰጡት ቃል። አንዱም ሁለተኛ ቅጂ የለውም፤ ከዘፈኑት አብዛኞቹም አፈር ሆነዋል። ክር ሲያረጅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላልና እሷም ያንኑ ትሸታለች። ታናሽ እህቷ «ባል ያጣሽው በዚህ ሽታ ነው» እያለች ትቀልድባታለች። ከእህቷ ሌላ የቀራት ዘመድ የለም።

የምትረግመው ሰውዬ «ጉሮሮ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት የሁለቱም አስተማሪ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ክር መቁረጥና መቀጠል፣ ማይክራፎን መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዳመጥ፣ ሁሉንም እሷንና እሱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተማሩ እሳቸው ነበሩ። ጉሮሮ ድምፁ ያማረ ነበር፤ ጆሮው ግን ከድምፁም ይበልጣል። ዋናውን ክር ከግልባጩ ገና የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲሰማ ይለየዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ዜና አንባቢ ሆነ፣ ቀጥሎ የጣቢያው ኃላፊ፣ በመጨረሻም የሚኒስትሩ ምክትል። በሰው ትከሻ ላይ መውጣት እንዲህ የሚቀለው ሰው እሷ አላየችም።

ቂሙ የመጣው እንዲህ ነው። አባቷ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ለመክፈል ሃያ ሰው በመስመር ይቆምና እያንዳንዱ በፊቱ የተተከለውን ሽብልቅ ይመታል። ሃያው መዶሻ እኩል ካልወረደ ድንጋዩ ጠሞ ይሰነጠቃል። እኩል የሚያስወርደው ዜማ ነው፤ ዜማውን የሚያወጡት አባቷ ነበሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰባት ዜማ ነበራቸው። ሰባተኛው ድንጋዩ ሊከፈል ሲል የሚዜም ነው፤ እጅግ የዘገየ፣ በየስንኙ መሃል ዝም ተብሎ መዶሻ ብቻ የሚሰማበት። ፈንጂ ከመጣ ወዲህ ያንን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ጋሼ ሁለቱን ተማሪዎቻቸውን ይዘው እስከ ቦታው ሄዱና ሰባት ጥቅል ቀዱ። ማይክራፎኑን የያዘው ጉሮሮ ነበር። አባቷ ቤት ሦስት ቀን በልቶ ጠጥቷል፣ እግሩንም ታጥቧል።

ጉሮሮ ኃላፊ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ከውጭ የሚመጣው ክር ተቋረጠ። የባለሥልጣን ንግግር የሚቀዳበት ጠፋና «ጥቅም የሌላቸው» የሚል ዝርዝር ወጣ። መጀመሪያ የኳስ ጨዋታው፣ ማስታወቂያው፣ የአየር ጠባዩ ሁሉ ታጠበ። እሱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ወደ ድንጋይ ፈላጮቹ ደረሰ። ቢሮው ድረስ ሄዳ ለመነችው።

«በቤተሰብ አይሠራም፣ እህቴ» አላት።

ይባስ ብሎ ምድር ቤት ወርዶ አጠገቧ ቆመ። «አንቺው በእጅሽ አጥፊው። ኋላ ሌላ ሰው አጠፋብኝ እንዳትይ።» ማጥፊያው ማግኔት የጫማ ሣጥን የሚያህል ብረት ነው፤ ጥቅሉን ሦስት ጊዜ ያዞሩበታል፣ አለቀ። ስድስቱን እሱ እያየ አጠፋች። «ሰባተኛውስ?» ሲላት «ተበላሽቶ ተጥሏል» አለችው። ቀደም ብላ «የዓሣ አጥማጆች ዘፈን» የሚል ካርቶን ውስጥ ሸሽጋው ነበር።

በዚያ ሰሞን አባቷ አልጋ ላይ ነበሩ። ከሥራ ስትመለስ «ድምፄ አለ?» ይሏታል። «አለ አባባ፣ ሰባቱም በቁልፍ ነው ያሉት» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ጉሮሮ ለቅሶ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለና ስለ መዶሻው ዜማ ማማር አወራ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። ሰባተኛውን ጥቅል ከዚያ በኋላ አጫውታው አታውቅም፤ አርጅቷልና ማጫወቻው ላይ እንዳይበጠስ ትፈራለች። እህቷ «መቼ ነው የምታሰሚኝ?» ባለች ቁጥር «ደህና ማሽን ሲመጣ» ትላታለች።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገሩ ታመሰ። ጉሮሮ አንድ ማታ ራሱ ማይክራፎን ፊት ቀርቦ፣ አገሩን የሚወድ ሁሉ በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሮ በማዶ ሰፈር የተሸሸጉትን ጠላቶች እንዲያጸዳ በዚያ ባማረ ድምፁ ተናገረ። ሰው ተሻገረ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ፣ ሰፈሩ ነደደ። ነፋሱ ሲዞርና መንግሥቱ ሲንገዳገድ ደግሞ ጉሮሮ ያንን ያነበበው እሱ አለመሆኑን ማስወራት ጀመረ። አንባቢው በዚያው ሰሞን በጥይት የሞተ ባልደረባቸው ነው አለ። ሙት አይከራከርም፤ ያን ማታ ሞገዱ ይቆራረጥ ስለነበር በድምፁ ላይ የሚምል ሰው አልተገኘም፣ ጥርት ብሎ የተቀዳበት ክር ያለውም እትዬ ክር ምድር ቤት ብቻ ነበር።

ሕዝቡም በተራው የመንግሥት ነው ያለውን ሁሉ ማቃጠል ጀመረ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሁለት ቀን ነደደ። ከዚያ የጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ተቃጥሎ የዜና ክፍሉ ከነክሩ ዐመድ ሆነ። እትዬ ክር ጥቅሎቹን ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የመምህራን ኮሌጅ ለማሸሽ የጭነት መኪና እንዲሰጧት ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም። በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መልሱ በእግሩ ደረጃውን ወረደ። ከኋላው አንድ ወታደር አለ።

«እንደምን አለሽ፣ እትዬ ክር።»

«አለሁ። ደብዳቤዬ ደረሰህ?»

«ሦስቱም ደርሶኛል።» ወንበር ስባ አልሰጠችውምና የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት መኪና አለኝ። ከነሹፌሩ፣ ከነጠባቂው። ዛሬውኑ ታሸሺዋለሽ።»

«ምን ልትወስድብኝ?»

«አንድ ጥቅል። የዛሬ አምስት ሳምንቱን።»

«የሟቹን ነው የምትለኝ?»

ፈገግ አለ። «አታድርቂኝ። ዋናውን ነው የምፈልገው፤ ግልባጭ ብትሰጪኝ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ለመገልበጥም አትድከሚ፣ ባዶ ክሮቹን ከሦስት ቀን በፊት ያስወሰድኩት ለዚህ ነው።»

«ያለው ላይ ብገለብጠውስ?»

«አንቺ?» ከልቡ ሳቀ። «የሽማግሌ ሳል እንኳ አታጠፊም። ሠላሳ ዓመት አውቅሻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። ታማኝነቷን ልክ እንደ አንድ የጽሕፈት ቤት ዕቃ ቆጥሮ ተማምኖበታል። «መኪናዎቹን በዓይኔ ሳላይ ጥቅል የለም» አለችው። እሱም ጊዜ ስለሌለው አልተከራከረም። መኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው፣ መንገዱም በድንጋይ ተዘጋግቷል፤ ደርሶ ለመመለስ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ወታደሩን «ከዚህ ክፍል አንድም ክር እንዳይወጣ» ብሎት ሄደ።

ወታደሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ፊልም ነው?»

«ድምፅ ነው፣ ልጄ።»

«የማን?»

«የሁሉም ሰው።»

«የእኛ አገርም አለ? ቀዛፊዎች ነን እኛ።»

«አለ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ንግግሩ ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው። ማሽኖቹ ሁለት፣ ሁለቱም ይሠራሉ። የጎደለው ክር ብቻ ነው። በመደርደሪያዎቹ መሃል ሄደች። ቀዛፊዎቹን አወጣችና የወታደሩን ፊት አሰበች፣ መለሰቻቸው። መቶ ዓመት የሞላቸው አልቃሽ ስለ ልጃቸው የገጠሙትን አነሣች፣ መለሰችው። ልጇን እያጠባች የምታዜም ሴት ነበረች፤ በመሃል ሕፃኑ ያስነጥሰዋል፣ እናቲቱ ትስቃለች። እሱንም መለሰችው። እዚያ ያለ ተራ ነገር የለም፤ ተራ ተራውን ጉሮሮ ራሱ ድሮ አሳጥቦ ጨርሶታል። የቀረው ሁሉ የሰው አደራ ነው። የእሷ የሆነ አንድ ብቻ ነው።

«የዓሣ አጥማጆች ዘፈን» የሚለውን ካርቶን ስታወርድ አላመነታችም፤ ይህንን ኋላ ስታስበው ያሳፍራት ነበር። ይህም የአገር መሆኑን ታውቃለች። ከዓለም ላይ የመጨረሻው መሆኑን ታውቃለች። እህቷ እንደምትጠብቀው ታውቃለች። በማዶ ሰፈር ስለ ሞቱት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ብዬ ነው ብትል ደስ ይላት ነበር፤ እነሱን ያሰበቻቸው ግን ኋላ ነው። ያኔ የታያት የጉሮሮ ፊት ነበር፤ የሆነ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የገዛ ድምፁ ሲመጣበት የሚሆነው ፊት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እሷ ግን ሰፋሪው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ብላ ራሷ ቁናውን አነሣች።

አንድ ጊዜ ልስማው ብላ ነበር። የአባቷን ጉሮሮ ጠረጋ ብቻ፣ አንድ ስንኝ ብቻ። ከሰማችው ግን እንደማታደርገው ስላወቀች አልሰማችውም። ማግኔቱ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ወታደሩም ምንድነው ብሎ ይነሣል። ስለዚህ መቅረጫው ራሱ እያጠፋ እንዲቀዳ ተወችው። ክሩን አዋደደች፣ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች፣ ሁለቱን ማሽኖች እኩል አስነሣች። ጆሮዋ ላይ «የተከበራችሁ ወገኖቼ» አለ ጉሮሮ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ጥርሷን ነክሳ የድምፅ መለኪያውን መርፌ ዝላይ አየች። ስታለቅስ ወታደሩ አይቷት «አይዞሽ እማማ፣ ዕቃሽን ያሸሹልሻል» አላት።

መኪናዎቹ ሲደርሱ ጉሮሮ እያላበው ወረደ። ዋናውን ሰጠችው። ማጫወቻው ላይ ጣለው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ጋሼ እንዳስተማሩት አዳመጠ።

«ዋናው ነው» አለ። «ባለ ቃል ነሽ።»

«አንተም ሁን።»

ማግኔቱን ራሱ አበራ፣ ጥቅሉን ራሱ ሦስት ጊዜ አዞረ። ከመውጣቱ በፊት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ሙሉ ቀን ሲጫን ዋለ። ወታደሩ መሣሪያውን ጥሎ ካርቶን ተሸከመ፤ «ቀዛፊዎቹን ቀስ» እያለች ታዘው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሕንፃው ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ነደደ። ከክሮቹ አንድም አልተቃጠለም።

መንግሥቱ ወደቀ። ከአራት ወር በኋላ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመና በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰየመ። ጉሮሮ ከስቶ ነበር እንጂ ምላሱ አልከሳም። ንግግሩን ሟቹ ባልደረባዬ ነው ያነበበው ብሎ ማለ፣ ስለ ሟቹም እንባ አፈሰሰ። የሟቹ ሚስት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ ክር እህቷን አስከትላ ገባችና የዓሣ አጥማጆቹን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የተከበራችሁ ወገኖቼ» አለ ማሽኑ።

ሰው ሁሉ ወደ ጉሮሮ ዞረ። ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ጉሮሮ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ እሷን አየ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ፊት ይህ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አላዘነችለትም፣ ለመደበቅም አልሞከረች፤ ፈገግ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። የሟቹ ሚስት ልጆቿን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሮ ትንፋሽ ለመውሰድ አፍታ ዝም ባለበት ቦታ አንድ ነገር ተንኳኳ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደግሞ። ጸሐፊው ማሽኑ የላላ መስሎት በእጁ ደገፍ አደረገው። ከማንኳኳቱ ሥር፣ ከወለል በታች ሰው የሚያዜም ይመስል፣ የሆነ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያረጀ መቅረጫ አጥርቶ አያጠፋም፤ አዲሱ ድምፅ ሲናገር አሮጌው ይሰወራል፣ አዲሱ ዝም ሲል ብቅ ይላል። አዳራሹ ውስጥ ይህ የማሽን ብልሽት ያልመሰላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አጠገቧ ያለችው እህቷ እንኳ አልለየችውም።

ጉሮሮ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ የራሱን ንግግር አላዳመጠም፤ በመሃል በመሃል ያለውን ብቻ ነው የጠበቀው። ማሽኑ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት፤ ይህን ዓይነት አስተያየት ግን አልጠበቀችም ነበር። እያዘነላት ነበር።

ሲያወጡት በአጠገቧ አለፈ። ጠባቂዎቹን «አንድ ጊዜ» አላቸውና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ይህኛውን እኔ አላጠፋሁትም» አላት።

ሃያ ዓመት ፈረዱበት። ብዙ ሰው እጇን ጨበጣት፣ የሟቹ ሚስት እግሯ ላይ ልትወድቅ አለች። እህቷ «ምን አለሽ ሰውዬው?» ብላ ስትጠይቃት «እንሂድ» አለቻት። የነገረቻት ጥቅሉ ከጉባኤው ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ነው። ሁሉንም ነገረቻት፤ ካርቶኑን፣ ባዶ ክር መጥፋቱን፣ የራሷን እጅ። እህቷ ካርቶኑን ከእጇ ወስዳ ጽሑፉን አነበበች። ከዚያ «እስቲ አሰሚኝ» አለቻት።

በኮሌጁ ምድር ቤት፣ አዲሶቹ መደርደሪያዎች መሃል፣ ማሽኑ ፊት ሁለት ወንበር አደረጉ። ጉሮሮ መናገር ጀመረ። ጋሼ ያሠለጠኑት አንባቢ ነውና ትንፋሹን የሚወስደው ከስንት አንዴ ነበር፤ ወገኖቼ ይላል፣ ድልድዩን ተሻገሩ ይላል፣ አጽዱ ይላል። እህቷ ወደ ማሽኑ ተጠግታ ክፍተት ትጠብቃለች። አንዴ መዶሻው ወረደ፤ ከሥሩ አባታቸው ግማሽ ቃል አወጡ፣ ወዲያው ጉሮሮ መጣባቸው።

«ኧረ ይህን ሰውዬ ቀንሺልኝ» አለች እህቷ።

«እሱ ሲቀነስ አባባም ይቀነሳሉ።»

እህቷ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች። ሃያ ስምንቱንም ደቂቃ ተቀምጠው ሰሙት።